የነቀዝ ክኒን በባኮ ሙቀት

ሥራ የጀመርኩት በ2007 ዓ.ም. መስከረም፣ አምቦ ወደ ጉደር መውጫ ላይ ባለ የእህል መጋዘን ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ «ረዳት የተባይ ቁጥጥር ቴክኒሺያን» ይላል። መጋዘን ውስጥ ግን እንዲህ ብሎ የሚጠራን አልነበረም። ሥራችን «ማጠን»፣ እኛ ደግሞ «አጣኞች» ነበርን። ነቀዝ የገባበትን እህል በሸራ ሸፍነን በጋዝ መግደል ነው።

አለቃዬ ኦቦ ዲንቃ ይባላሉ፤ የቡድን መሪ ናቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። የጋዝ ጭምብል ለዓመታት ከማሰራቸው የተነሳ ማሰሪያው በሚያርፍበት ቦታ፣ ከጆሯቸው በላይ፣ ጸጉር የላቸውም።

«ኬሚስትሪ ተምረሻል አሉኝ» አሉ።

«ዲፕሎማ አለኝ።»

«እንግዲያው ንገሪኝ። ይሄ ክኒን እንዲፈጥን ወይም እንዲዘገይ የሚያደርገው ምንድነው?»

ሙቀት፣ የሚገናኙት ነገሮች መጠን፣ የገጽ ስፋት እያልኩ ለፈተና እንዳጠናሁት ዘረዘርኩላቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ልክ ነው» አሉ። «አሁን ጭምብልሽን እሰሪ። ፊትሽን ቆንጥጦ እስኪይዝ ድረስ።»

ክኒኑ አመድማ ነው፤ መጠኑ ከተለመደው የራስ ምታት ክኒን ወፈር ይላል። በታሸገ ጣሳ ውስጥ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ድንጋይ ማለት ነው። ጣሳው ሲከፈት ከአየሩ እርጥበት መጠጣት ይጀምራል፤ ከእርጥበቱ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ ነቀዝን ብቻ ሳይሆን የሚተነፍስን ሁሉ ይገድላል። ጣሳው ከተከፈተ በኋላ ጋዙ እስኪበረታ ድረስ ለአጣኙ የምትሰጥ ትንሽ ጊዜ አለች። ያቺ ጊዜ እንደ አገሩ አየር ትረዝማለች፣ ታጥራለች። ኦቦ ዲንቃ ከሁሉም አስቀድመው ያስተማሩኝ እሷን መገመት ነው።

ጊንጪ ብርድ ነው። በኅዳር የአንድ ነጋዴ ስንዴ ልናጥን ሄደን፣ ጠዋት ሸራው ላይ አመዳይ ተጋግሮ እናገኝ ነበር። ኦቦ ዲንቃ ነጋዴውን «ሳምንቱ ሳይሞላ እንዳትከፍተው፤ እዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው» አሉት። ነጋዴው ግን የጭነት መኪና ቆሞበት ስለነበር ሸራውን በመሀል ገፈፈው። ነቀዙ በጆንያው ላይ ይሄዳል።

አምቦ ድረስ ደውሎ ጮኸብን። «መድኃኒታችሁ ሞቷል!»

«አልሞተም፤ በርዶታል» አሉት ኦቦ ዲንቃ።

«ለመድኃኒት ደግሞ ብርድ ልብስ ልግዛለት?»

ሄደን አየን። ጆንያው በተደረደረባቸው የእንጨት ፓሌቶች ሥር ካስቀመጥናቸው ክኒኖች ገሚሱ ገና ጠጣር ነበር። ሸራውን መልሰን ሸፍነን ቆየንበት፤ ነቀዙም አለቀ። ነጋዴው ግን መጨረሻውን አልተናገረም። «ያ ክኒን በእጥፍ ካልሆነ አይሠራም» የሚለውን ወሬ ነው ለሹፌሮች የነገራቸው። ሹፌሮቹ ደግሞ ከጊንጪ እስከ ባኮ ይወርዳሉ።

ባኮ ሌላ አገር ነው። ጌዶን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሁላችንም ጃኬታችንን እናወልቃለን። ባኮ መጋዘን ለመጀመሪያ ጊዜ የገባሁ ቀን ኦቦ ዲንቃ ጣሳ ሳይከፍቱ ሁላችንንም በሩ ላይ አቆሙን።

«ከውስጥ ጀምረን ወደ በሩ እየመጣን ነው የምናስቀምጠው። ማንም ወደ ኋላ አይመለስም። ዕቃ ቢወድቅበት እንኳ አያነሳም።»

ጊንጪ ላይ እየተጫወትን የምንሠራውን ባኮ ላይ ሳንነጋገር ሠራነው። የመጨረሻውን ሸራ በአሸዋ ከረጢት ስንረግጥ፣ ደጅ የቆመው ዘበኛ «ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ» ብሎ ወደ አጥሩ ሸሸ፤ የጋዙ ሽታ ነው። ክኒኑ ያው ክኒን፣ ጣሳው ያው ጣሳ ነው። የተለየው ሙቀቱና የአየሩ እርጥበት ብቻ ነበር።

ጣሳው ሥር የሚቀረውን ፍርፋሪ ከኦቦ ዲንቃ በቀር ማንም አይነካም። ሙሉው ክኒን ከላይ ከላይ ነው የሚበላው፤ የተፈረፈረው ግን ሁሉም ጎኑ ለአየር ስለሚጋለጥ በአንድ ጊዜ ጋዝ ይሆናል። ቀኝ እጃቸው ላይ ጠባሳ ነበራቸው። እኔ ከመቀጠሬ በፊት አንድ የቀን ሠራተኛ የተጠረገውን ትርፍራፊ ባልዲ ውስጥ ከምሮ ከድኖት፣ ጣሪያው ሲያፈስ ውሃ ገባበት። ባልዲው ነደደ። ይዘውት ወደ ውጭ የሮጡት እሳቸው ናቸው። ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ «ቶሎ ወጣሁ» ብቻ ነበር የሚሉት።

ባኮ ስንከርም ምግብ የምታበስልልን ጫልቱ ነበረች። ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከበቆሎ እርሻቸው አጠገብ ነው። እኩያዬ ናት። ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ሌንሴ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ቦንቱ ገና ከእናቷ ቀሚስ ሥር አትጠፋም። ባሏ ኦቦ ገመቹ ከእሷ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ጨዋታ የማያበዙ ገበሬ ናቸው። ኦሮምኛዬ የከተማ ኦሮምኛ ስለሆነ ጫልቱ ትስቅብኝ ነበር። «ጽጌ ኮ፣ አንቺ እኮ እንደ ሬዲዮ ነው የምታወሪው» ትለኛለች፤ ጽጌዬ ማለቷ ነው። ልብሴን ግን ጋዙ እስኪለቀው ደጅ ካላሰጣሁ ከልጆቿ ጋር አታስጠጋኝም። ይህን ራሴ ነበርኩ ያስተማርኳት፤ አንድም ቀን አልዘነጋችም።

አንድ የገበያ ቀን ከእሷ ጋር ሽንኩርት ልንገዛ ወጥተን፣ አንድ ባለሱቅ ከባትሪና ከሳሙና አጠገብ የኛን ክኒን ዘርግቶ አየሁ። ጣሳውን ከፍቶ በፍሬ እየቆጠረ በጋዜጣ ቁራጭ ይጠቀልላል።

«ይሄን ማን ሸጠልህ?» አልኩት።

«የነቀዝ መድኃኒት ነው፤ ሰው ይፈልገዋል።»

«ሰው እንደሚገድል ታውቃለህ?»

«የበላው ሰው ይሞት ይሆናል። ማን በቆሎ ትቶ ክኒን ይበላል?»

መብላት እንደማያስፈልግ፣ መተንፈስ እንደሚበቃ ነገርኩት። ወረፋ የያዙት ገበሬዎች እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት። ከዚያ ገዝተው ሄዱ።

ለኦቦ ዲንቃ ነገርኳቸው፤ አብረን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባን። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጥቶ አዳመጠን። «የኛ ኃላፊነት ከመጋዘኑ በር አያልፍም» አለ። ወደ መንግሥት ቢሮ ሄድን። አንደኛው ክፍል ጉዳዩ የሁለተኛው ነው አለ፤ ሁለተኛው ደግሞ ወደ አንደኛው መለሰን። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ ወደ ኮሪደር ተከትላን ወጥታ «እናቴም የምትገዛው እዚያው ገበያ ነው። ነቀዙ ሌላ ምን ምርጫ ይተውላት?» አለችን።

ስለዚህ ባኮ በሄድን ቁጥር በገበያ ቀን ዛፍ ሥር እየቆምን ለሰው ማስረዳት ጀመርን። ኦቦ ዲንቃ በኦሮምኛ ይናገራሉ፤ እኔ ክኒኑን በታሸገ ብልቃጥ ይዤ አሳያለሁ። ሰው በደንብ ይሰማን ነበር። ይጠይቃል፣ ያመሰግናል፣ ይመርቃል። ጫልቱም ከፊት ተቀምጣ ትሰማና ኋላ ለጎረቤቶቿ ትደግምላቸዋለች። እኔ ካልኩት አሳምራ ነበር የምትናገረው። «ሰው በሚተኛበት ቤት አይገባም፤ ጎተራ ውስጥ ብቻ፤ ጎተራውም ከቤት ይራቅ» ትላቸዋለች። እሷና ኦቦ ገመቹ ጎተራቸውን ከቤቱ አርቀው ከግራር ዛፉ ማዶ አዛወሩት። በዚያ ዓመት ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራዬ ከመጋዘን የወጣ መሰለኝ።

ከዚያ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት እየተዘጋ የሚከፈትባቸው ዓመታት መጡ። ባኮ ለመውረድ ፈቃድ የምናገኝበትም የምንከለከልበትም ጊዜ ነበር። አየር የማያስገባ ልዩ ከረጢት እንዳለ፣ ነቀዙን ያለ ክኒን አፍኖ እንደሚገድል ሰምተን፣ ኦቦ ዲንቃ ለምነው ለባኮ ገበሬዎች እንዲመጣ አስፈቀዱ። ከረጢቱ አምቦ ደረሰ። አምቦ ላይ መንገድ ተዘጋ። መጋዘናችን ጥግ ተከምሮ ከረመ፤ እየተመላለስን አቧራውን እናራግፍለት ነበር። መንገዱ ሲከፈት ክረምቱ ሊገባ ሆኖ፣ የገበሬውን በቆሎ ነቀዝ አጋምሶታል።

በግንቦት ወደ ባኮ የወረድነው ያንን ከረጢት ጭነን ነው። መጀመሪያ የመጋዘኑን ሥራ ጨርሰን በማግስቱ ልናድል ነበር ያሰብነው። ጠዋት ሸራ ስንዘረጋ የጫልቱ ጎረቤት የሆነ ሰው እየሮጠ መጣ። እጁ ላይ ትውከት አለ።

«እናንተ መድኃኒቱን የምታውቁት! ኑ፣ የገመቹ ቤት ሰው አለቀ!»

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሌንሴና ቦንቱ አንድ አልጋ ላይ ተጋድመው ከነፊታቸው በነጠላ ተሸፍነዋል። ነጠላው የጫልቱ ነው፤ ጥለቱን አውቀዋለሁ። ጤና መኮንኑ ወጣት ነው፤ የምግብ መመረዝ መስሎት ነበር። ኦቦ ዲንቃ የልጆቹን ልብስ አሽትተው የክኒኑን ስም ነገሩት። «ማርከሻው ምንድነው?» አለ። «ማርከሻ የለውም» አሉት።

ጫልቱ በሕይወት ነበረች። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ትንፋሿ አጭር ነው፣ አእምሮዋ ግን አልሳተም። አጠገቧ ተንበረከክሁ።

«ጽጌ ኮ፣ ነግረሽኝ ነበር» አለች።

«ዝም በይ፣ አትድከሚ።»

«ከጎተራ እየሰረቁ ነው። የጎረቤቶቼን በሙሉ ወሰዱት። ወደ ቤት አስገባነው። ነቀዙ ደግሞ…» ትንፋሽ አጠራት። «መጋረጃ ጋርጄበት ነበር። የት ላድርገው? ማል ጎና?»

ማል ጎና ማለት ምን እናድርግ ማለት ነው። ልጆቿን ጠየቀችኝ፤ ተኝተዋል አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ፊቷን አዞረች። እንደገባት አውቃለሁ። ከቀትር በኋላ አረፈች።

ኦቦ ገመቹ የተረፉት እርሻ አድረው ስለነበር ነው። በቆሎው ገና መዘራቱ ነው፤ ጃርትና ከርከሮ ዘሩን ከመሬት እየቆፈረ ስለሚበላባቸው ማሳው ዳር ዳስ ሠርተው ይጠብቁ ነበር። ጠዋት ሲመለሱ በሩ ከውስጥ እንደተዘጋ አገኙት።

ኦቦ ዲንቃና እኔ ጭምብል አድርገን ቤቱ ገባን። ሌላ ሰው እንዲገባ አልፈቀድንም። የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ መስኮቱ በጭቃ ተመርጓል፣ ይህም ለሌባ ተብሎ ነው። ማታውን ዝናብ ዘንቦ ነበር። ጆንያዎቹ ከመኝታው በመጋረጃ ብቻ ተለይተዋል። በየጆንያው አፍ ክኒኑ ጋዝ ሆኖ ሲያልቅ የሚተወውን አመድ አገኘን፤ መሆን ከሚገባው በላይ ነበር። ባለሱቁ «እጥፍ አድርጊው፤ ነጠላው አይሠራም ብለዋል፤ ደግሞ ቀስ እያለ ነው የሚሠራው፤ ስጋት አይግባሽ» ብሎ እንደሸጠላት ኋላ ጎረቤቷ ነገረችን። የጊንጪው ነጋዴ ወሬ እዚህ ደርሷል። ለጊንጪ ብርድ እውነት የሚመስለው ነገር ለባኮ ዝናባማ ግንቦት ሞት ነው። ኦቦ ዲንቃ አመዱን በእርጋታ፣ ሁልጊዜ እንደሚሠሩት፣ ሰበሰቡ። ውጭ ወጥተው ጭምብላቸውን ሲያወልቁ መስታወቱ ከውስጥ በእንባ ረጥቦ አየሁ።

ለቅሶው ላይ ኦቦ ገመቹ እኔና ኦቦ ዲንቃ መሀል መጥተው ተቀመጡ። ብዙ ሰው አለ፤ ድንኳኑ ጠቧል። ከዚያ በአማርኛ፣ በእኔ ቋንቋ፣ ጠየቁኝ።

«ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው ብሏት ነበር። ለምን ፈጠነ?»

ኦቦ ዲንቃ እጄን ነኩኝ፤ ብመልስም ባልመልስም ለእኔ መተዋቸው ነው። መለስኩላቸው። ባኮ ሞቃት ስለሆነ፣ ዝናብ ስለነበረ፣ ክኒኑ ስለበዛ፣ ቤቱ ስለተዘጋ አልኳቸው። አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም አንድ በአንድ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ብርድ አገር ብንሆን ይተርፉ ነበር?»

«ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፣ ኦቦ ገመቹ።»

«እኩለ ሌሊት ብመለስስ?»

ለዚህኛው መልስ መስጠት የሚችል ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሙቀቱን አውቃለሁ፣ የክኒኑን ብዛት ከአመዱ ገምቻለሁ፣ የቤቱን ስፋት አይቻለሁ። ልቤ ውስጥ አስልቼ ጨርሼ ነበር። «አላውቅም» አልኳቸው። አመኑኝ መሰለኝ። ወይም እንዳመኑኝ አስመሰሉ፤ ደግ ሰው ናቸው።

ከረጢቱን በሳልስቱ አደልን። ሰው በሰልፍ መጥቶ ወሰደ። ለሁሉ አልበቃም።

ባለሱቁ ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተፈታ። ሱቁን እንደገና ሲከፍት ሄጄ አነጋገርኩት። ከስቷል። «እህቴ፣ እኔ ባልሸጥ ያኛው ይሸጣል» ብሎ በአገጩ ማዶውን አሳየኝ። እውነቱን ነው። ማዶ ያለው ሱቅ ክኒኑን ከባትሪው አጠገብ ዘርግቶታል። ከሚገዙት መካከል ለቅሶው ላይ ያየኋቸው ፊቶች ነበሩ። አንዷን ሴት እጇን ይዤ «ጫልቱን እኮ ቀብረሻል!» አልኳት። እጇን ቀስ ብላ አላቀቀችና «ቀብሬያለሁ። ልጆቼ ግን እስከ ጥቅምት ምን ይብሉ?» አለችኝ። ክኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ኦቦ ዲንቃ ከዚያ በኋላ ገበያ ወጥተው አላስተማሩም። «ሰው አላወቀም ብዬ ነበር የምደክመው። ለካ ያውቃል» አሉኝ አንድ ቀን፣ ከባኮ ስንመለስ መኪና ውስጥ። ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ሳንባቸው ደክሞ ስለነበር ብዙ አልቆዩም። ስንቀብራቸው የአምቦ ሰው የጥሩ ሠራተኛነታቸውን ተናገረ። ስለ ዛፉ ሥር ትምህርት የተናገረ የለም፤ ምን ተብሎ ይነገራል?

እኔ እስከ ባለፈው ዓመት ቡድን መሪ ነበርኩ። ሐኪም ሳንባዬን አይቶ ከጋዝ ራቂ ስላለኝ አሁን ቢሮ ነኝ። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ሌሎች ቤቶችም እንደዚሁ ሆነዋል፤ በኢጃጂ በኩል፣ በባኮ ዙሪያ። እንደ ጫልቱ ቤት አላውቃቸውም። በእያንዳንዳቸው ግን ጎረቤት ስጠይቅ «ታውቅ ነበር»፣ «ያውቅ ነበር» ነው የሚሉኝ። ኦቦ ገመቹ መሬቱን ለወንድማቸው ትተው ነቀምት ዘበኛ ሆነዋል ብለው ነገሩኝ። ልፈልጋቸው አስቤ አልሄድኩም። ሄጄ ምን እላቸዋለሁ።

አዳዲስ አጣኞች ሲቀጠሩ የመጀመሪያውን ትምህርት የምሰጠው እኔ ነኝ። ክኒኑን የሚያፈጥነው ሙቀት፣ እርጥበት፣ ብዛትና መፈርፈር ነው እላቸዋለሁ። ሰው በተዘጋ ቤት ሲተኛ በትንፋሹ ቤቱን ያሞቃል፣ ያረጥበዋልም። ስለዚህ መኝታ ቤት ለዚህ ክኒን ከመጋዘን የበለጠ ይመቸዋል። ገበሬ ሲጠይቃችሁ ይህን ንገሩት እላቸዋለሁ። ሌላ ቦታ የለኝም ካላችሁ፣ እህሉን ነቀዝ ይብላው በሉት እላቸዋለሁ። ይህን ማለት ለደመወዝተኛ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚህ የተሻለ ምክር ግን የለኝም።